የመጨረሻዎቹ አራት እርግቦች

የወተት ተቆጣጣሪው ወረቀቱን በወተት ክፍላችን በር ላይ ሲለጥፍ ከጥጃዎቹ ጀርባ ተደብቄ አየሁት። መኪናው ከግቢ እንደወጣ ሮጬ ሄጄ አነበብኩት። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ማንበብ እወድ ነበር፣ በተለይ ክፉ ክፉውን። «እርግብ በበረት ውስጥ። ኩስ በግርግም ላይ። በሠላሳ ቀን ውስጥ ይስተካከል።» ከሥሩ ፊርማ አለ።

ካልተስተካከለስ ምን እንደሚመጣ ለእኔ የነገረኝ የለም። አያቴ ፓልመር ማምሻውን ቦት ጫማቸውን እያወለቁ ለእናቴ ሲነግሯት ግን ሰማሁ። «ካልጠፉ መኪናው ወተቱን አይጭንም» አሏት። እናቴ «አውቃለሁ» አለች። ከዚህ ሌላ ያሉት ነገር የለም። የቀረውን እኔ ጨረስኩት። መኪናው ካልጫነ ላሞቹ ይሸጣሉ። ላሞቹ ከተሸጡ ቤቱም ይሸጣል። ቤቱ ከተሸጠ ከተማ ገብተን፣ ከምግብ ቤት በላይ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ፣ የጥብስ ጭስ እየሸተተን እንኖራለን። ድመቷን ይዘን መሄድ እንደማንችልም አስቤበት፣ ትራሴ ውስጥ ተደፍቼ አለቀስኩላት።

ዛሬ ሳስበው በአውራጃችን እንዲህ ያለ ወረቀት ያልተለጠፈበት በረት አልነበረም። ሰዉ በረቱን ይጠርጋል፣ ወፉን ያባርራል፣ ተቆጣጣሪው ተመልሶ መጥቶ ወረቀቱን ይቀዳል፤ በቃ። ያኔ ግን ይህን ማን ነግሮኝ! አባቴ ከሞተ ሁለተኛው ክረምት ነበር። ያልጠበቅነው ነገር አንድ ጊዜ መጥቶብናል፤ ከዚያ ወዲያ እኔ ሁሉንም መጠበቅ ጀምሬአለሁ።

እርግቦቹ ሃያ አራት ነበሩ። በድርቆሹ ፎቅ ላይ፣ ከቆርቆሮው ሥር ባሉት አግዳሚ እንጨቶች ላይ ተሰልፈው ያድራሉ፤ ጠዋት ድርቆሽ በምንጥልበት ቀዳዳ እየወረዱ ከላሞቹ ፊት ይበላሉ፣ እዚያው ይኮሳሉ። አያቴ ወጣት ሳሉ በትልቁ የአደን ጠመንጃ አንዲት እርግብ ገድለው ጣሪያው ላይ አሥራ አንድ ቀዳዳ ከፍተው ነበር። የዚያን ዓመት ድርቆሽ ግማሹ ሻገተ። እስኪሞቱ ድረስ ታሪኩን የሚያወራው ሌላ ሰው ነበር እንጂ እሳቸው አንስተውት አያውቁም። ስለዚህ ለበረት የሚሆነው የአየር ጠመንጃ ነው፤ ቆርቆሮ አይበሳም፣ ላም አያስደነግጥም። የአየር ጠመንጃ ያለውና መምታት የሚችለው ደግሞ ቨርሊን ሃውገን ነው።

ቨርሊን ጎረቤታችን ነው። መሬቱ ከወንዙ ወዲህ ከእኛ ጋር ይዋሰናል። አርባ ዓመት አልፎታል፣ ሚስት አላገባም፣ እናቱ እስኪሞቱ ከእናቱ ጋር ኖረ። ረጅም ነው፤ በር ሲያልፍ ባያስፈልገውም ጎንበስ ይላል። በዓመታዊው የአውራጃ ትርዒት ላይ በተኩስ ውድድር አንደኛ ሲወጣ አይቼዋለሁ፤ ሽልማቱን ተቀብሎ ምን እንደሚያደርገው ስለቸገረው አጠገቡ ለቆመ ልጅ ሰጠው።

በመጀመሪያው እሁድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ መጣ። መጋቢት ነበር፤ አጥሩ ሥር ያለው በረዶ ጠቁሯል። እናቴ በረንዳ ላይ ወጣች።

«ቨርሊን።»

«አርሊስ። እርግብ አላችሁ አሉ።»

«አሉን።»

«እስቲ ልያቸው።»

ይኸው ነበር ሰላምታቸው። በእኛ አካባቢ ሰው ሰው ቤት የሚሄደው ሥራ ይዞ ነው። የተዋሰውን መጋዝ ሊመልስ፣ ጥጃ ሊያዋልድ፣ አጥር ሊያቃና። ሥራው ካለቀ በኋላ «ቡና ጠጥተህ ሂድ» ይባላል፤ ሁለቴ እምቢ ይላል፣ በሦስተኛው ይገባል። ያለ ሥራ ዝም ብሎ የሰው በር ላይ የቆመ ወይ ዕቃ ሊሸጥ ነው፣ ወይ መርዶ ይዟል።

እኔን ከኋላው፣ ድርቆሽ እስር ላይ አስቀመጠኝ። «ከዚች ከተነሳሽ አልተኩስም» አለኝ። አፈሙዙን ሰበር አድርጎ ምስር የምታህል የእርሳስ ጥይት ያጎርሳታል፣ ይገጥመዋል፣ ትንፋሹን ይይዛል። ድምፁ እንደ ማስነጠስ ነው። አቧራ፣ የድርቆሽ ሽታ፣ በቆርቆሮው ስንጥቅ የሚገባ ቀጭን ብርሃን፤ ከዚያ አንድ ነገር ድርቆሹ ላይ ጧ ይላል። አሥራ አንድ ጥይት ተኩሶ አሥራ አንድ እርግብ ጣለ።

«ጠዋት በቤተ ክርስቲያኑ መስኮት ላይ ተስላ ያየናትን እርግብ እኮ ነው የምትገድሉት» አልኩ ማታ በራት ሰዓት። ይህም አሳስቦኝ ነበር።

«ያቺ ነጭ ናት» አሉ አያቴ። «እነዚህ ግራጫ ናቸው። ደግሞ ያቺ ግርግም ላይ ስትኮስ አልታየችም።»

«አባባ!» አለች እናቴ፤ ግን ፊቷን ወደ ምድጃው አዞረች።

በሁለተኛው እሁድ ሰባት ጣለ። ከላይ ያሉትን ክፍተቶችም በወንፊት ሽቦ ደፈናቸው፤ ለወፍ የቀረ መግቢያ በድርቆሹ ፎቅ ጫፍ ያለችው ትንሿ በር ብቻ ነች። እሷን በመወርወሪያዋ ዘጋናት። ቡናውን ሊጠጣ ሲል አያቴ በረንዳው ላይ ቆመው ልብስ ማስጫውን አሳዩት።

«እንዲያው ጉራ ካልሆነ፣ ያቺን ካልሲ የያዘችውን መቆንጠጫ ምታት።»

«ኧረ ይተዉኝ።»

«አትችላትም፣ ሩቅ ናት። እኔም ብሆን አልሞክራትም።»

ቨርሊን ተኮሰ። መቆንጠጫዋ ብን አለች፣ ካልሲው በሌላኛዋ ተንጠልጥሎ ቀረ፣ ክሩ እንኳ አልተነካም። እናቴ በመስኮቱ አንገቷን አውጥታ «መቆንጠጫዬን!» ብላ ጮኸች፤ ከዚያ ሳቀች። አባቴ ከሞተ ወዲህ በመስኮት እንደዚያ ስትስቅ ሰምቼ አላውቅም። እኔ ግን ሳቁን ትቼ ርቀቱን በርምጃ ለካሁ። አርባ ሁለት ርምጃ።

ይህን ያልኩት በሦስተኛው እሁድ የሆነውን እንድትረዱልኝ ነው። በሦስተኛው እሁድ የቀሩት እርግቦች ስድስት ነበሩ፤ ቨርሊን አራቱን ጣለ፣ ሁለቱን ግን ስድስት ጊዜ ተኩሶ ሳታቸው። አሥራ አምስት ርምጃ ላይ! አንዷማ ከጭንቅላቱ በላይ ተቀምጣ ቁልቁል ታየው ነበር።

«ዛሬ እጄ አልሆነልኝም» አለና ጠመንጃውን ወደ ማኅደሩ መለሰ። ከዚያ በሦስተኛው ግብዣ ቤት ገብቶ እናቴ ከጋገረችው የፖም ፓይ ሁለት ቁራሽ በላ። እናቴ አዲሱን ሹራቧን ለብሳ ነበር። ተቆጣጣሪው ድንገት ቢመጣ ብላ ነው ብዬ አሰብኩ።

በማግስቱ የወተት መኪናው ሾፌር ዱዌይን ቱቦውን እያገጣጠመ ከአያቴ ጋር ሲያወራ በሩ ጀርባ ነበርኩ።

«ሃውገን ስንት ጣለ?»

«አራት። ሁለቱን ሳታቸው።»

«ቨርሊን? ሳተ?»

«ስድስት ጊዜ።»

ዱዌይን ቱቦውን ትቶ ቀና አለ። «እንግዲያው ይሄ ሰው የሚመላለሰው ለእርግብ አይደለማ!»

«ዝም በል፣ ልጅ አለች» አሉ አያቴ፤ ሁለቱም እንደ ልጅ ትከሻቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ።

እኔ አልሳቅሁም። ለእርግብ ካልሆነ ለምን ነው? የሉንዴ ቤተሰብ ባለፈው ዓመት እርሻቸውን የሸጡት ለጎረቤታቸው ነው። ያ ጎረቤት ከመግዛቱ በፊት አንድ በልግ ሙሉ በቆሎ አብሯቸው ሰብስቧል፤ ሁሉም ሰው «እንዴት ያለ ደግ ነው» ይል ነበር። የቨርሊን መሬት ከእኛ ጋር ይዋሰናል። ተቆጣጣሪው ሲመለስ እርግብ ካገኘ ላሞቹ ይሸጣሉ። ነገሩ ሁሉ እንደ እንቆቅልሽ ሥዕል ተገጣጠመልኝ። ዛሬም ከልጆቼ አንዱ ሲያመሽ እንዲሁ ነው የሚገጣጠምልኝ፤ ግጥሙ ያማረ ሁሉ እውነት እንዳልሆነ ለመማር ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል፣ ገናም አልጨረስኩም።

ቅዳሜ ማታ እንቁላል ለቅሜ ስመለስ ወደ ድርቆሹ ፎቅ ወጣሁ። ትንሿ በር ክፍት ነች። ነፋስ የሚከፍታት አይደለችም፤ መወርወሪያዋ የእኔን ክንድ ታህላለች። መወርወሪያውን አውጥቶ በሥርዓት ግድግዳው ላይ ያስደገፈው ሰው ነው። በአግዳሚው ላይ ደግሞ ሁለት የነበሩት እርግቦች አራት ሆነዋል።

ዘጋኋት።  ባለፈው ቅዳሜም ክፍት አግኝቻት ረስተውት ነው ብዬ ዘግቻታለሁ። አሁን ግን ገባኝ። ሰውየው በሜዳው በኩል ተደብቆ እየመጣ እርግብ እያስገባብን ነው። ተቆጣጣሪው የሚመለሰው ማክሰኞ ነው። ለእናቴ እንዳልነግራት ፈራሁ፤ እሷ ከመተኛቷ በፊት ምድጃውን ሦስት ጊዜ የምታይ ሴት ናት፤ ይህን ከሰማች ትሞታለች አልኩ። ለአያቴ እንዳልነግራቸው ስለ ጠላታችን ሲወራ ስቀዋል። ብቻዬን ቀረሁ።

እሁድ ስምንት ሰዓት ላይ ቨርሊን መጣ። አዲስ ኮፍያ አድርጓል፤ ጢሙን ከመላጨቱ የተነሳ አገጩ ቀልቷል። ከኋላው ድርቆሽ እስሬ ላይ ተቀምጬ ቆጠርኩ። ዘጠኝ ጊዜ ተኮሰ። ዘጠኙም እንጨት መታ። አራቱ እርግቦች አንዴ ብር ብለው ተመልሰው እዚያው ተቀመጡ።

«አይ፣ ምን ይደረግ!» አለ ቨርሊን፣ ደስ ባለው ድምፅ።

ጠረጴዛው ላይ አራታችን ተቀመጥን። ፓይው ገና ይጨሳል። እናቴ ቡና ስትቀዳለት «ታዲያ አልቀዋል?» ብላ ጠየቀችው።

«ጥቂት ቀርተዋል። በሚቀጥለው እሁድ ሳልመጣ አልቀርም።»

«ማክሰኞ ነው!» አልኩ።

ሁሉም ዞሩ።

«ተቆጣጣሪው የሚመጣው ማክሰኞ ነው! የሚቀጥለው እሁድ ምን ይሠራል? አንተ እንደሆንክ መቆንጠጫ በአርባ ሁለት ርምጃ ትመታለህ፣ እርግብ በአሥራ አምስት ትስታለህ! ሆን ብለህ ነው! ቤታችንን ልትገዛ ነው!»

«ኮሪን!» አለች እናቴ። «ታላቅሽን ነው አንተ የምትይ?»

«ደግሞ በየቅዳሜው ተደብቆ እየመጣ የላይኛዋን በር ይከፍታል! ሁለት ጊዜ ዘግቻታለሁ! ትናንት እንኳ መወርወሪያዋን አውጥቶ ሁለት እርግብ አስገብቷል!»

ከዚያ ልቅሶዬ መጣ፤ ልናገር ያሰብኩት ገና ብዙ ነበር፣ ስለ ምግብ ቤቱ፣ ስለ ድመቷ፣ ግን አንዱም አልወጣልኝም። ቨርሊን ሹካውን አስቀመጠ። ከአንገቱ ጀምሮ እስከ ጆሮው ቀላ። ሲናገር ለእኔ እንጂ ለሌላ ሰው አልነበረም፤ እንደ ትልቅ ሰው ነበር ያናገረኝ።

«መሳቱን እውነትሽን ነው» አለ። «ሆን ብዬ ነው የሳትኩት። ቤታችሁን ግን አልፈልግም። የራሴ ቤት ይበቃኛል፤ እንዲያውም ይሰፋኛል።» «በሩን ግን፣ በእናቴ አፅም፣ እኔ አልነካሁም።»

አያቴን አየኋቸው።

«እኔን አትዪኝ» አሉ። «ጉልበቴ መሰላል መውጣት ከተወ አራት ዓመቱ ነው።»

እንግዲህ በቤቱ ውስጥ የቀረ ሰው አንድ ነው። ሦስታችንም ወደ እናቴ ዞርን። እናቴ የቡናውን ጀበና በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች። ምድጃው ላይ ያለው ውኃ ሲንተከተክ ይሰማ ነበር።

«ድርቆሹ አየር እንዲያገኝ ነው» አለች።

«በመጋቢት?» አሉ አያቴ።

«አዎ፣ በመጋቢት።»

«በረዶ እየጣለ?»

«አባባ፣ ፓይዎትን ይብሉ።»

እናቴ አሁን ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነው። ስለዚያች በር ስጠይቃት መልሷ ዛሬም ያው ነው፤ ለድርቆሹ አየር። አንድ ቀን ብቻ፣ ከሐኪም ቤት ስንመለስ መኪና ውስጥ፣ ሳልጠይቃት «ተቆጣጣሪው ከመምጣቱ በፊት፣ በመጨረሻው ቅዳሜ እዘጋት ነበር እኮ፤ ቀን ነው የተሳሳትኩት» አለችኝ። ምድጃ ሦስት ጊዜ የምታይ ሴት ቀን ተሳሳተች። ከዚያ ወዲያ መስኮት መስኮቱን እያየች ሄደች፤ እኔም ሬዲዮውን ከፈትኩላት።

ያኔ ግን ምንም አልገባኝም። ያየሁት ቨርሊን ተነስቶ ኮፍያውን አድርጎ ሲወጣ ነው። አመለጠ አልኩ። ወዲያው ከበረቱ በኩል ማስነጠስ የመሰለው ድምፅ መጣ። ቆይቶ አንድ ሌላ። ቆይቶ ሌላ። አራት ጊዜ። ተመልሶ በረንዳው ላይ ቆመ፤ በር አላለፈም።

«አልቋል» አለ። «የላይኛዋንም በር ዘግቻለሁ። ማክሰኞ ምንም አያገኝባችሁም።»

«እናመሰግናለን» አለች እናቴ።

«እንግዲህ ሥራው አለቀ።»

«አዎ። አለቀ።»

ሁለቱም የሚጨምሩት ነገር እንዳላቸው ሰው ቆሙ። ከዚያ ቨርሊን በፒክአፕ መኪናው ሄደ። እናቴ የሱን ሳህን ለረጅም ጊዜ አጠበችው።

ማክሰኞ ተቆጣጣሪው ባትሪውን እያበራ ዞረ፣ ግርግሙን በጣቱ ነካ፣ ወደ ላይ አየ፣ ወረቀቱን ከበሩ ላይ ቀዶ ኪሱ ከተተ። «ጥሩ በረት ነው» ብሎ ሄደ። በቃ። ላሞቹ ቀሩልን፣ ቤቱ ቀረልን፣ ድመቷ ወተት ክፍሉ ደጃፍ ላይ ተኝታ ሰውነቷን ትልሳለች። በደስታ እጮሃለሁ ብዬ ነበር። ነገር ግን እናቴ «ጥሩ» አለችና ጥጆቹን ልታጠጣ ሄደች። አዲሱ ሹራብ ታጥፎ ሳጥን ገባ። የሆነ ነገር አድኜ የሆነ ሌላ ነገር እንደሰበርኩ ተሰማኝ፤ ምን እንደሆነ ግን ዕቃ ቤቱን ሁሉ ብፈልግ የማገኘው አልመሰለኝም።

ዓርብ ከአያቴ ጋር ላሞቹን ስናስገባ «አያቴ፣ ምን አጠፋሁ?» አልኳቸው።

«ምንም አላጠፋሽም። እርሻውን ያዳንሽ አንቺ ነሽ።» የላሟን የአንገት ገመድ አሰሩ፣ ጀርባዋን መታ መታ አደረጉ። «ግን ልጄ፣ አንዳንዴ አንዲት እርግብ ብትቀር ምን ነበረበት?»

«ተቆጣጣሪውስ?»

«ለሱ ሳይሆን ላንዳንድ ሰው ነው የምልሽ። ቨርሊን ሥራ ካልያዘ የሰው ግቢ አይገባም። እናትሽም ሥራ ካልሰጠችው አትጠራውም። እንደዚያ ነው ያደግነው፤ እኔም ሴት አያትሽን ሳላገባት የቤታቸውን አጥር ሦስት ጊዜ ነቅዬ ሦስት ጊዜ ተክያለሁ። ደህና አጥር ነበር።»

ያን ጊዜ ገባኝ። ሁሉም ባይገባኝም የሚበቃኝን ያህል ገባኝ። ቅዳሜ ሁለት ጊዜ ወደ ድርቆሹ ፎቅ ወጣሁ፤ በሯ ዝግ ነች፣ አግዳሚው ላይ አንድም ወፍ የለም። መወርወሪያውን ለማውጣት እጄን ዘረጋሁ፤ ተቆጣጣሪው ተመልሶ ቢመጣስ ብዬ መልሼ ሰበሰብኩት። እኔ እንዲህ ነኝ።

እሁድ ስምንት ሰዓት ሆነ። እናቴ ፓይ አልጋገረችም። ልብስ ትተኩስ ነበር፤ በእሁድ ልብስ ተኩሳ አታውቅም። እኔ መስኮቱ ላይ ነበርኩ፣ አያቴ ጋዜጣቸውን ገልብጠው ይዘው ያነባሉ። ስምንት ከሩብ ላይ ፒክአፑ መጣ። ግቢው መሃል ቆመ፤ ሞተሩ እየሠራ፣ እሱ ውስጥ ተቀምጦ።

«ምን ይዟል?» አሉ አያቴ፣ ከወንበራቸው ሳይነሱ።

«ጠመንጃ የለም።»

«መጋዝ?»

«የለም። አሁን ወረደ። እጁ ባዶ ነው።»

«ባዶ?» ጋዜጣውን አስቀመጡ። «ምንም ምንም?»

«ምንም። እጁን የት እንደሚያደርገው ጨንቆታል። ኪሱ ከተተው። አሁን አወጣው።»

እናቴ ካውያውን አቆመችው፣ ነቀለችው፣ መነቀሉን አየች፣ ደግማ አየች። ከዚያ ካፖርት እንኳ ሳትደርብ ወጣች። መስኮቱን በጣት ስፋት ከፈትኩ። አያቴ ሊቆጡኝ ነው ብዬ ስዞር ከኋላዬ ቆመው ጆሯቸውን ሰጥተዋል።

«ቨርሊን።»

«አርሊስ።»

«ምን ልትሠራ መጣህ?»

«ምንም።»

«አጥር ነው?»

«አይደለም። አጥራችሁ ደህና ነው፤ ስመጣ አይቼዋለሁ።» ኮፍያውን አወለቀ፤ ግንባሩ ከኮፍያው በላይ ነጭ ነበር። «ሥራ የለኝም። እንዲሁ ነው የመጣሁት።»

እናቴ ቆመች። ነፋሱ ቀሚሷን እግሯ ላይ ይጠቀልልባታል። እምቢ ትለዋለች ብዬ ፈራሁ፤ ትታመማለች፣ ብርዱ ሳንባዋን ይመታዋል፣ እሱም መንገድ ላይ መኪናው ይገለበጣል፣ ሁሉም የእኔ ጥፋት ነው።

«እንግዲያው» አለች እናቴ፣ «ሞተሩን አጥፋዋ።»